ስሙ የጠፋበት ደዌ

በአሶሳና በአካባቢዋ የኖረውን የቆዳ ደዌ ታሪክ ሊመረምር የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ በስም ይደናገራል፤ ነቀርሳ የሚለው ቃል ሥጋን እየቦረቦረ የሚበላውን ሕመም ሁሉ ሲያመለክት ኖሮ፣ በዘመናችን ለሳንባው ደዌም ለካንሰርም በአንድነት ተሰጥቶአልና። የምንናገርለት ግን ሮበርት ኮኽ በ1874 ዓ.ም. ያስታወቀው የቲቢ ተሐዋሲ በቆዳ ላይ የሚያወጣው ሕመም ነው። አንዳንዱ በአንገት ዕጢ ይጀምርና፣ ያለ ብርቱ ሥቃይ አብጦና ፈርጦ፣ መግል እያዠ፣ በተጨማደደ ጠባሳ ይዘልቃል፤ ሌላው በፊት ላይ እንደ ቀይ ቡግር ተነሥቶ፣ በብዙ ዓመት ቀስ በቀስ አፍንጫንና ጆሮን ይበላል።

እንዲህ ያለ ፊት የታየበት ሰው በየመንደሩ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር ተቈጥሮ መገለሉ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ የኦሪት ዘሌዋውያን ካህን እንኳ የለምጹ ምልክት ያልለየለትን ሰው ሰባት ቀን ለይቶ ደግሞ ይመረምረው ነበር እንጂ ባንድ እይታ አይፈርድበትም ነበር። በሥጋ ደዌ የተያዘ ቆዳ ብዙውን ጊዜ ይደነዝዛል፤ በቲቢ የተያዘው ግን መርፌ ሲነካው ይሰማዋል።

ቀድሞ የሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ግዛት በነበረችው፣ በወርቋ በታወቀችው አሶሳ፣ የቤርታ ብሔረሰብ ሕመምተኛ ፈኪ ወደሚባለው የእስልምና መምህር ሄዶ በሰሌዳ ተጽፎ በታጠበ የቁርአን ቃል ፈውስን ሲሻ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥተው የሰፈሩት ደግሞ ከፊሉ ፀበልን፣ ከፊሉ ቅጠልንና በጋለ ብረት መተኰስን ይዘው መጡ። ስለ ጸሎቱ አልፈርድም፤ የተተኰሰ ዕጢ ግን ቍስል በቍስል ላይ ይጨምራል እንጂ ተሐዋሲው አይነካም።

በአውሮፓ ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን የፊቱን ቲቢ በብርሃን በማከሙ በ1896 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ፀሐይ በተረፈበት በአሶሳ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እውነተኛው መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1936 ዓ.ም. ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ቅጥር በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው ተቋም ተመሠረተና የቆዳ ሕክምና ማዕከል ሆነ፤ ከአሶሳ እስከዚያ ያለው መንገድ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ዛሬ የቆዳ ቲቢ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል።