የማቀዝቀዣ ጋዝና የምንጭ ውሃ፦ ዘግይቶ የሚታወቅ ጉዳት ታሪክ



እ.ኤ.አ. በ1930 ቶማስ ሚድግሌይ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ፍሬዮን የተባለውን አዲስ የማቀዝቀዣ ጋዝ ወደ ሳንባው ስቦ በሻማ ላይ እፍ አለ። ሻማው ጠፋ፤ እርሱም አልታመመም። ቀድሞ ፍሪጆች ይሠሩባቸው የነበሩት አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ሲያፈተልኩ ሰው ይገድሉ ነበርና፣ ትርኢቱ ታላቅ እፎይታ ነበር። ጋዙ ከፍሪጁ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን የጠየቀ አልነበረም።

መልሱ በ1974 መጣ፤ ሞሊናና ሮውላንድ የጋዙ ክሎሪን የኦዞንን ንጣፍ እንደሚበላ አመለከቱ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ተቀላቀለች። ክሎሪን የሌላቸው፣ ፍሎሪን ያላቸው ጋዞች ተተኩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በአየር ላይ ሲፈርሱ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ይሆናሉ፤ አሲዱም ከዝናብ ጋር ይወርዳል። በአፈርም በውሃም ውስጥ በቀላሉ አይፈርስም፤ ውሃን ማፍላትም አያስወግደውም። ጀርመን በ2020 ለመጠጥ ውሃ በሊትር 60 ማይክሮግራም የሚል የጤና መመሪያ መጠን አወጣች፤ በኋላም በጥንቸል ፅንሶች ላይ የታየውን ጉዳት መነሻ አድርጋ ለፅንስ ጎጂ ተብሎ እንዲመደብ ሐሳብ አቀረበች። በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት ገና አልተረጋገጠም።

«አልተረጋገጠም» የሚለውን ቃል ስሰማ ወንጂ ትዝ ይለኛል። የስኳር ፋብሪካው በ1954 ማምረት ጀመረ፤ ሠራተኛውም ጥሩና ጥርት ያለ የጉድጓድ ውሃ ጠጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ በእጅጉ ያልፉ ነበር። ውሃውን ከ10 ዓመት በላይ የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው ደረቀ፤ አንዳንዶቹም ሽባ ሆኑ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ ባደረጉት ጥናት ከመረመሯቸው የአካባቢው ተወላጅ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ የተጎዳ ነበር። በእርግጥ ይህ ፍሎራይድ የመጣው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ነው፤ ከማቀዝቀዣ ጋዝ ጋር ዝምድና የለውም። ያነሣሁት ስለ ጊዜው ነው፦ ውሃው የተወቀሰው አጥንት ከጎበጠ በኋላ ነበር።

እኛ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች የምንጠጣው የክረምት ዝናብ የሚሞላውን ምንጭ ነው። ፍሪጅ የሌለው ገበሬም ቢሆን የሌላው አገር ፍሪጅ ያፈሰሰውን ዝናብ ይጠጣል። ስለዚህ ኬሚስትሪ የምታጠኑ ተማሪዎች፣ በመጪው ሐምሌ ከየቀበሌያችሁ ምንጭ አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቅዱ፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። መለኪያው እስኪገኝ ናሙናው፣ ነገሩ ምጸት ቢሆንም፣ በፍሪጅ ይቆይ።