የጭስ ሽታ በአሮጌ የመስክ መኪና ውስጥ

በመኪና ውስጥ የሚሰማ የጭስ ሽታ በጭስ ማውጫ በኩል ወደ ውጭ መውጣት የነበረበት የተቃጠለ ጋዝ ወደ ተሳፋሪዎች ክፍል መግባቱን የሚያመለክት ምልክት ነው። ችግሩ በማንኛውም መኪና ላይ ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ እንደ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ባሉ፣ ረጅም ዘመን ባገለገሉና በፒስታ መንገድ በሚመላለሱ የመስክ መኪኖች ላይ ይበዛል። ሽታው እንዲሰማ ሁለት ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ጭሱ የሚወጣበት፣ ሌላው ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባበት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተራርቀው ስለሚገኙ አፍንጫን ብቻ ተከትሎ ምንጩን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

አደጋው

በመኪና ጭስ ውስጥ ካሉት ጋዞች ቶሎ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። በመኪና ውስጥ የሚሸተው ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ጥቀርሻና ሌሎች ከጭሱ ጋር የሚወጡ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ሽታው መርዙ ራሱ ሳይሆን የመርዙ ጓደኛ ነው። ሽታው ቀነሰ ማለት አደጋው ቀነሰ ማለት አይደለም፤ አፍንጫ አንድን ሽታ ቶሎ ይለምዳልና።

ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። በዚህም ምክንያት በአየር ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ቢሆንም ረጅም ጉዞ ላይ በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቤት ውስጥ አየር መመሪያ መሠረት፣ ሰው ለ8 ሰዓት የሚተነፍሰው አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ10 ሚሊግራም በላይ፣ ለ15 ደቂቃ የሚተነፍሰው ደግሞ ከ100 ሚሊግራም በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖረው አይገባም።

የቤንዚን ሞተር፣ በተለይ ካርቡራተር ያለውና የጭስ ማጣሪያ የሌለው፣ ከናፍጣ ሞተር እጅግ የበለጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። የናፍጣ ጭስ ግን ከአደጋ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ጥቀርሻውና በውስጡ ያሉት የናይትሮጅን ጋዞች ዓይንንና ሳንባን ይጎዳሉ።

የከፍታ ተጽዕኖ

በደጋ አገር ችግሩ ይብሳል። ለምሳሌ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ከሚገባው አየር ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛል። ነዳጁ በሙሉ ስለማይቃጠል በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል፤ የቤንዚኑም ሽታ ይጠነክራል። በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አነስተኛ በመሆኑ ደግሞ የሰውነት የመቋቋም አቅም ይቀንሳል።

ጭሱ የሚወጣባቸው ቦታዎች

ከሞተር የሚወጣው ጭስ መጀመሪያ ማኒፎልድ በሚባለው ብረት ይሰበሰባል። ከዚያም በቱቦ ከመኪናው ሆድ ሥር አልፎ፣ ድምፅ በሚቀንሰው ማርሚታ በኩል ወደ ኋላ ይወጣል። በዚህ መስመር ላይ ቶሎ የሚጎዱት የሚከተሉት ናቸው።

ማኒፎልድና ጓርኒሲዮኑ፦ ብረቱ በየጊዜው እየጋለና እየቀዘቀዘ ስለሚኖር ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ኤፍ፣ 2ኤፍ እና 3ኤፍ በሚባሉት የቆዩ የላንድክሩዘር የቤንዚን ሞተሮች የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በሞተሩ አንድ ጎን ሆነው በአንድ ጓርኒሲዮን ይታሰራሉ። በመሆኑም አንዱ ሲጣመም ሌላውም ይላላል። ዋናው ምልክት ሞተሩ በጠዋት ሲነሣ የሚሰማ ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ ነው። ብረቱ ሲግል ስንጥቁ ስለሚገጥም ድምፁ ሊጠፋ ይችላል።

የቱቦ መጋጠሚያዎች፦ በድንጋያማ መንገድ ንዝረት ቡሎኖች ይላላሉ፤ ቱቦውን የሚይዙት የላስቲክ ማንጠልጠያዎችም ይበጠሳሉ። ያን ጊዜ የቱቦው ክብደት በመጋጠሚያው ላይ ያርፋል።

ማርሚታ፦ ጭስ ውስጥ ያለው እንፋሎት በአጭር ጉዞ ሳይተን ስለሚቀር ማርሚታው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ከላይ ደህና የሚመስለው ከሥሩ ተበስቶ ሊገኝ ይችላል።

የቱቦው ጫፍ፦ በድንጋይ ተመትቶ ያጠረ ወይም ከመኪናው አካል ውጭ ያልደረሰ ጫፍ ጭሱን ከወለሉ ሥር ይተወዋል። በዚህ ጊዜ በመስመሩ ላይ አንድም ብልሽት ሳይኖር ሽታው ይሰማል።

ጭሱ የሚገባባቸው ቦታዎች

ከፊት፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ላሜራ ለሽቦ፣ ለቧንቧና ለፔዳል ማሳለፊያ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። በቀዳዳዎቹ ላይ ያሉት ላስቲኮች በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ፤ አንዳንዴም ሬድዮ ወይም ተጨማሪ መብራት የገጠመ ሰው አዲስ ቀዳዳ በስቶ ሳይደፍነው ይተወዋል። በማርሽ ዘንጎች ሥር ያለው የላስቲክ ሽፋንም ሲቀደድ ጭስ ያሳልፋል። የማሞቂያው አየር ማስገቢያ ከፊት መስታወት ሥር ስለሆነ፣ ከኮፈን ሥር የሚወጣ ጭስ በቬንቲሌተሩ ተስቦ ፊት ለፊት ይነፍሳል።

ከኋላ ያለው መንገድ የተለየ ነው። የመስክ መኪና ጀርባ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። መኪናው ሲፈጥን ከጀርባው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ከጭስ ማውጫው የወጣው ጋዝም በዚያ ቦታ ይሽከረከራል። የኋላው በር ላስቲክ ካረጀ ወይም የኋላው መስኮት ክፍት ከሆነ ጋዙ ወደ ውስጥ ይሳባል። የኋላ መስታወታቸው ወደ ታች በሚወርድ እንደ ቶዮታ ፎርራነር ባሉ መኪኖች ላይ ይህ በጣም ይታወቃል። በላንድሮቨር ላይ ደግሞ አካሉ በቡሎን ከተያያዙ ብዙ የአሉሚኒየም ክፍሎች የተሠራ በመሆኑ ክፍተቱ ይበዛል።

ለዚህ ቀላል ምስክር አለ፤ እርሱም አቧራ ነው። ከፒስታ መንገድ ጉዞ በኋላ በበሩ ጠርዝ፣ በኋላ መብራቶች ዙሪያ ወይም በወለሉ ላይ የአቧራ መስመር ከታየ፣ አቧራው በገባበት ጭስም ይገባል።

የሽታው ዓይነት

ሁሉም ሽታ የጭስ ማውጫ ሽታ አይደለም። ጥሬ የቤንዚን ሽታ ከነዳጅ መስመር፣ ከነዳጅ ጋን ወይም ከካርቡራተር ሊመጣ ይችላል፤ ይህ የእሳት አደጋ ስላለው ቅድሚያ ይሰጠዋል። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ የላይኛው ክዳን በጋለው ማኒፎልድ ላይ ከሚንጠባጠብ ዘይት ነው። ጣፋጭ ሽታ ከመስታወት ላብ ጋር ከመጣ የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከጭስ ማጣሪያ ብልሽት ሊነሣ ይችላል።

ምንጩን ማፈላለግ

ፍተሻው ሁልጊዜ በሜዳ ላይ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መደረግ የለበትም።

1. ሽታው መቼ እንደሚመጣ መመዝገብ፦ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሚመጣ ሽታ ወደ ፊተኛው ክፍል፣ በፍጥነት ሲነዳ የሚመጣው ወደ ኋላው በር ያመለክታል። ማሞቂያው ሲከፈት የሚብስ ከሆነ ከኮፈን ሥር ይፈለጋል።

2. ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ማየትና ማዳመጥ፦ ጭስ የሚያመልጥበት ቦታ ጥቁር የጥቀርሻ ምልክት ይተዋል።

3. የሳሙና ውሃ፦ ሞተሩ ገና እንደተነሣ፣ ቱቦው ሳይግል፣ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ መቀባት። አረፋ የሚያወጣው ቦታ ያፈሳል።

4. የቱቦውን ጫፍ መያዝ፦ አንድ ሰው ወፍራም ጓንት አድርጎ በታጠፈ ጨርቅ የቱቦውን ጫፍ ለጥቂት ሴኮንዶች በከፊል ሲይዘው፣ ሌላው ሰው በመስመሩ ላይ የፉጨት ድምፅ ያዳምጣል።

5. ብርሃን፦ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በጨለማ አንድ ሰው ከውጭ በባትሪ መብራት ወለሉንና በሮቹን ሲያበራ ከውስጥ ያለው ሰው ብርሃን የሚያሾልከውን ቦታ ያያል።

6. ወረቀት፦ በበሩና በላስቲኩ መካከል ወረቀት አስገብቶ በሩን መዝጋት። ወረቀቱ ሳይጨናነቅ ከወጣ ላስቲኩ አይገጥምም።

7. መለኪያ፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያን በሾፌሩ እግር አጠገብ፣ በመካከለኛው መቀመጫና በኋላ በር በየተራ አስቀምጦ ማወዳደር። መለኪያው በሽታ የማይታወቀውን ስለሚናገር ከሁሉ የታመነው ዘዴ ነው።

ጥገና

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የሚጠገነው የጭስ መስመሩ ነው፤ ቀጥሎ የመግቢያ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። የበር ላስቲክ ብቻ መቀየር ሽታውን ሊቀንስ ቢችልም የሚያፈሰውን ቱቦ አይጠግንም። የተጣመመ ማኒፎልድ ተልጎ ፊቱ ካልተስተካከለ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻውን አይበቃም። የዛገ ቱቦን ደጋግሞ ከመበየድ መቀየር ይሻላል። በቆርቆሮና በሽቦ የሚታሰር ጥገና እስከ ጋራዥ ለመድረስ ብቻ የሚሆን ነው። የቱቦው ጫፍ ከመኪናው አካል አልፎ መውጣት ይኖርበታል፤ በሚከፈት መስኮት ሥር ማለቅም የለበትም። ከጥገና በኋላ በመለኪያ መፈተን ሥራውን ያረጋግጣል።

እስኪጠገን ድረስ የኋላውን መስኮት ብቻ ከፍቶ መንዳት አይገባም። ረጅም ዕቃ በመጫኑ የኋላው በር ሳይዘጋ መጓዝ ግድ ከሆነ፣ የፊት መስኮቶችን መክፈትና ቬንቲሌተሩን የውጭ አየር እንዲያስገባ ማድረግ አደጋውን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያስወግደውም።

የመመረዝ ምልክቶች

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። እነዚህ ከጉንፋን፣ ከመኪና ጉዞ ሕመም ወይም ከመንገድ ድካም ጋር ስለሚመሳሰሉ ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። በአንድ መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲታመሙና ወርደው አየር ሲያገኙ ሲሻላቸው ጭሱን መጠርጠር ያስፈልጋል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕሙማን ይበልጥ ይጎዳሉ። ከኋላ የተቀመጠ ሕፃን እንቅልፍ የወሰደው ሊመስል ይችላል።

ምልክቱ ከታየ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት፣ ሁሉንም ሰው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል፤ በዚያው መኪና መሄድ ግን አይገባም። ሰው ተራ አየር ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ የሚቀንሰው ከ4 እስከ 5 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ሲሆን፣ በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። በጣት ላይ የሚደረገው የተለመደ የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ በተመረዘ ሰው ላይም ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ «ጭስ በሚገባበት መኪና ውስጥ ነበርን» ብሎ መንገር ሕክምናውን ያፋጥናል።