ናኖ አድራሽ፦ እርድ ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ

ዕፅዋት የማስታወስ ችሎታን ይጠብቃሉ የሚለው ተስፋ በአብዛኛው የተወለደው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በቤተ ሙከራ ከነርቭ ሴሎች ጋር ሲቀላቀል መቆጣትን ያበርዳል፤ በአልዛይመር ሕመም ጊዜ አንጎል ውስጥ የሚከማቸው አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን እርስ በርሱ እንዳይጣበቅም ያግዳል። ሰው ሲውጠው ግን ከዚህ ሁሉ የሚታየው ጥቂት ነው። ኩርኩሚን ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ወደ ሰውነት የሚገባውንም ጥቂት የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ለውጠው ያስወግዱታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን የዋጡ ጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥ የተገኘው መጠን እጅግ አነስተኛ ወይም ከነጭራሹ የማይለካ ነበር። ከዚህ የተረፈውን ደግሞ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ይጠብቀዋል፤ የአንጎልን የደም ሥሮች የሸፈኑት ሴሎች በጣም ተጠጋግተው ስለተያያዙ ብዙውን ባዕድ ነገር አያሳልፉም።

ይህን እንቅፋት ለማለፍ የሚሠራውን ነገር ተመራማሪዎች ናኖካሪየር ይሉታል፤ በአማርኛ ናኖ አድራሽ ቢባል እመርጣለሁ። ናኖ አድራሽ መድኃኒትን ወይም የዕፅዋትን ንጥረ ነገር ይዞ ወደሚፈለግበት የሰውነት ክፍል የሚያደርስ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር እስከ ጥቂት መቶ ናኖ ሜትር ይሆናል፤ 1 ናኖ ሜትር የ1 ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ከስብ፣ ከፕሮቲን፣ ከዛፍ ሙጫ ወይም ሰውነት ውስጥ ከሚፈርስ ሌላ ቁስ ይሠራል። የፋይዘርና የሞደርና የኮቪድ ክትባቶችም ሰውነት ውስጥ የገቡት እንዲህ ባሉ የስብ ቅንጣቶች ተሸፍነው ነው። «ተሸካሚ» የሚለውን የተውኩት በጤናው ዘርፍ ሕመሙ ሳይታይበት ተሕዋሱን የያዘ ሰው መጠሪያ ስለሆነ ነው። «ረቂቅ»ም ለባክቴሪያና ለመሰሎቹ ተይዟል። ናኖን ግን እንደ ሚሊና እንደ ኪሎ ያለ መለኪያ አድርገን ልንወስደው እንችላለን።

ቃሉ የሚጠቅመን ሁለት ጥያቄዎችን ለመለየት ነው፤ ንጥረ ነገሩ ይሠራል ወይ? ደግሞስ ይደርሳል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ቀላልና መካከለኛ የአልዛይመር ሕመም ያለባቸው 36 ሰዎች በቀን 2 ወይም 4 ግራም ኩርኩሚን፣ አለዚያም አስመሳይ እንክብል፣ ለ24 ሳምንታት ወሰዱ። ጥቅም አልታየም፤ ደማቸው ውስጥ የተገኘው ኩርኩሚንም በጣም ጥቂት ነበር። ስለዚህ ከዚህ ጥናት ተነሥቶ ኩርኩሚን አይረባም ብሎ መደምደም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የተጠቀመው ግን ከ200 ናኖ ሜትር በታች ተፈጭቶ በዛፍ ሙጫ የተበተነ ኩርኩሚን ነው። ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 84 የሆነ፣ የመርሳት በሽታ የሌለባቸው 40 ሰዎች ተሳተፉ። ኩርኩሚን የደረሳቸው በቀን ሁለት ጊዜ 90 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከቀድሞው ዝቅተኛ መጠን አንድ አሥረኛ የማይሞላ ወስደው ከ18 ወራት በኋላ በማስታወስ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ።

40 ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ሕመምተኞችም ስላልሆኑ ውጤቱ የአልዛይመር መድኃኒት ተገኘ አያሰኝም። ከዚህ የከበደውን ተቃውሞ ያነሡት እ.ኤ.አ. በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች ናቸው፤ ኩርኩሚን ቶሎ የሚፈራርስና የቤተ ሙከራ መመርመሪያዎችን የሚያሳስት ስለሆነ የመጀመሪያው ተስፋ ራሱ ያጠራጥራል ይላሉ። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሳይደርስ በቀረ ኩርኩሚን ሊፈታ አይችልም። ታዲያ ከአልጫ ወጡ ለምን አናገኘውም የሚል ይኖራል። በ1998ቱ ጥናት የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ሲጨመርበት ወደ ደም የገባው ኩርኩሚን 20 እጥፍ አድጓል፤ ነገር ግን ከደረቅ እርድ ውስጥ ኩርኩሚን የሆነው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ ወጥ ውስጥ የሚገባው ቁንጥር ከጥናቶቹ መጠን ጋር አይወዳደርም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደኅንነቱ ነው። የእርድ እንክብል የወሰዱ ሰዎች ጉበት እንደተጎዳ በጣሊያንም በአሜሪካም ተመዝግቧል፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ካጠኗቸው እንክብሎች አንዳንዶቹ ቁንዶ በርበሬ የተጨመረባቸው ነበሩ። እርድ ለዘመናት ተበልቷል የሚለው ማረጋገጫ ለወጡ እንጂ ለናኖ አድራሹ አያገለግልም። ስለዚህ ቀጣዮቹ ጥናቶች የጉበት ምርመራን ከማስታወስ ፈተናው እኩል ሊይዙ፣ ኩርኩሚኑ አንጎል ዘንድ መድረሱንም ከአከርካሪ በሚቀዳ ፈሳሽ ሊለኩ ይገባል።