ይምርሐነ ክርስቶስና ስማቸው የጠፋ ሙታን



ዕድር ማለት ማንም ሰው ቀባሪ እንዳያጣ የተማማልንበት ማኅበር ነው፡፡ ስለዚህ ዘንድሮ ስለ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መቃብሩ ጥቂት ብንጽፍ ከሥራችን የወጣ አይሆንም ብለናል፡፡

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራማ አገር፣ ጥድ በከበበው ሰፊ ዋሻ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፡፡ ያሠራው በ12ኛው መቶ ዓመት የነገሠው፣ ከንጉሥ ላሊበላ የሚቀድመው የዛጉዌ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፡፡ ክህነትን ከንግሥና ጋር አስተባብሮ እንደያዘ ገድሉ ይተርካል፡፡

ብዙ ሰው በላሊበላ አካባቢ ያለው ሁሉ ከዓለት የተፈለፈለ ይመስለዋል፡፡ ይኼኛው ግን እንደ ቤት የተገነባ ነው፡፡ እንደ አክሱም ዘመን አሠራር አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ ስለ ተሠራ፣ ግድግዳው ነጭና ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ ይመስላል፡፡ እንጨቱ ስምንት መቶ ዓመት መቆየቱ ያስደንቃል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፡፡ ዋሻው ጣራ ሆኖት ዝናብም ፀሐይም አይነካውም፡፡

የንጉሡ መቃብር እዚያው ዋሻው ውስጥ ነው፤ ሕዝቡም ይሳለመዋል፡፡ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ ግን የብዙ ሰዎች ዐፅም ተከማችቶ ይታያል፡፡ አንዳንዱ ቆዳው እንኳ አልጠፋም፡፡ በትውፊት እንደሚነገረው እነዚህ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከኢየሩሳሌም ድረስ መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከአምስት ሺህ በላይ ነው ይባላል፡፡

እንግዲህ ልብ እንበል፡፡ የንጉሡ ስም ከነመቃብሩ ታወቀ፤ የነዚያ ግን ዐፅሙ ቀርቶ ስሙ ጠፋ፡፡ ዛሬ ጎብኚ በባትሪ እያበራ ያያቸዋል፤ የማን አባት፣ የማን እናት እንደ ነበሩ የሚናገር የለም፡፡

ለኛ ትምህርቱ ሁለት ነው፡፡ አንደኛ፣ ወደዚያ የምንሄድ ብንኖር ለቅሶ ቤት እንደ ገባን ሆነን እንግባ፤ ዐፅም መንካትና ከዐፅም ጋር ፎቶ መነሣት ነውር ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ቀብሮ መመለስ ብቻውን አይበቃም፡፡ የሟቹ ሙሉ ስም፣ ያረፈበት ቀንና የተቀበረበት ቦታ በዕድሩ መዝገብ ይጻፍ፡፡ ድንኳኑ ያረጃል፣ ገንዘቡም ያልቃል፤ ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፈው መዝገቡ ነውና፡፡