ስም፣ አስማትና የተረሱ ተራኪዎች፦ የኡርሱላ ለግዊን የኋለኛ ዘመን መድበል ከመካነ ሰላም ሲነበብ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ነው። ደራሲዋ አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለግዊን ናቸው። መድበሉ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የኧርዝሲ ተረኮች» ሊባል ይችላል። ለግዊን በ1929 እ.ኤ.አ. ተወልደው በ2018 እ.ኤ.አ. ያረፉ ስለሆነ መድበሉ ሲወጣ 70 ዓመት አልፏቸው ነበር። የታወቁበት የልቦለድ ዘርፍ በእንግሊዝኛው አጠራር ፋንታሲ የሚባለው ነው፤ ይኸውም በገሃዱ ዓለም የሌለ አገር፣ የራሱ ሕግ፣ ቋንቋና ታሪክ ተበጅቶለት የሚተረክበት ነው።

መድበሉን ያነበብኩት አንድ ክረምት ለዕረፍት ወደ ትውልድ ቦታዬ ወደ መካነ ሰላም በሄድኩበት ጊዜ ነበር። በቦረናና በሳይንት ደጋ ክረምት ጭጋጉ ከዓባይ ሸለቆ ሽቅብ ይወጣና ቀትር ላይ እንኳ ጎረቤትን ይሸፍናል። እንዲህ ባለው ቀን እሳት ዳር ተቀምጦ ስለ አስማተኞች ማንበብ ባዕድ ነገር አልሆነብኝም። ይልቁንም መጽሐፉ ከሙያዬ ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ ጥያቄ ቀሰቀሰብኝ፤ ተረት ስንጽፍ የማንን ስም እንጽፋለን? የማንንስ እንፍቃለን?

ወደ ኋላ የተመለሰ ደራሲ

ለግዊን ስለ ኧርዝሲ የጻፏቸው ሦስት የመጀመሪያ መጻሕፍት በ1968፣ በ1971 እና በ1972 እ.ኤ.አ. ወጡ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሮክ በተባለ ደሴት ላይ አንድ የአስማት ትምህርት ቤት አለ። መምህራኑም ተማሪዎቹም ወንዶች ናቸው፤ የሴቶች አስማት ደካማና የማይታመን ተደርጎ ይነገራል። ከ18 ዓመት በኋላ በ1990 እ.ኤ.አ. «ቴሃኑ» የተባለው አራተኛ መጽሐፍ ታተመ። በሽፋኑ ላይ የኧርዝሲ የመጨረሻ መጽሐፍ መሆኑ ተገልጿል። ግን የመጨረሻ አልሆነም። መድበሉ በ2001 ወጣ፤ በዚያው ዓመትም ሌላ ረጅም ልቦለድ ተከተለ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ደራሲዋ የወጣትነት መጻሕፍታቸውን አላረሙም፤ አልካዱምም። ያደረጉት እንደ ታሪክ ጸሐፊ ወደ ራሳቸው ዓለም «ቤተ መዛግብት» ገብተው ቀድሞ የተነገረው ታሪክ ምን እንዳስቀረ መፈለግ ነው። መድበሉ አምስት ታሪኮችን ይዟል፤ በመጨረሻም ስለ ደሴቶቹ ሕዝብ፣ ቋንቋና ታሪክ የሚያስረዳ ክፍል ተጨምሮበታል።

የመጀመሪያውና ረጅሙ ታሪክ የሚፈጸመው ከዋናው ባለታሪክ ከጌድ 300 ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነው። መድራ የተባለ የመርከብ ሠሪ ልጅ ባዛቂ ማዕድን እንዲፈልግ በግድ ለአንድ ክፉ አስማተኛ ይሰጣል። ከሞት የሚያድነው በማዕድኑ መርዝ በመሞት ላይ ያለች አኒየብ የተባለች ባሪያ በምትሰጠው ኃይል ነው። በኋላም ሮክ ሲደርስ ዕውቀቱን በምስጢር ጠብቀው ያቆዩትን በብዛት ሴቶች የሆኑ ሰዎች ያገኛል። ትምህርት ቤቱን የሚመሠርተው ከእነርሱ ጋር ነው። ስለዚህ አንባቢ በ1968 መጽሐፍ «ከጥንት ጀምሮ የወንዶች ነው» ብሎ የተቀበለው ቤት ከመሥራቾቹ መካከል ሴቶች እንደነበሩበት ይረዳል። ታሪኩ ተረስቶ ሳይሆን ተፍቆ ነበር።

በሌላው ታሪክ የጎንትን ደሴት ከመሬት መንቀጥቀጥ የሚያድን አንድ ሽማግሌ አስማተኛ አለ። ደሴቲቱን ያዳነበትን ጥበብ ያገኘው ከመምህሩ ከአርድ ነበር፤ አርድ ደግሞ ሴት ናት። እርሱ ይህን ለማንም ሳይናገር ኖሯል። አራተኛው ታሪክ ለደገኛ አንባቢ ቅርብ ነው። ከሮክ የወጣ አንድ የተጎዳ አስማተኛ ረግረጋማ ደጋ ላይ ደርሶ በወረርሽኝ የሚያልቁትን ከብቶች ያክማል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የክፉ ቀን የከብት እልቂት ትዝታ ባለበት አገር ላደገ ሰው፣ የአስማት ትልቅነት የሚለካው ከብት በማዳን መሆኑ ማብራሪያ አያሻውም።

ስምና አስማት

በኧርዝሲ የአስማት ሥር ስም ነው። እያንዳንዱ ፍጡር በጥንታዊ ልሳን እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ባለቤቱን ለማዘዝ ይችላል። በመሆኑም ሰው ሁሉ በቅጽል ስም እየተጠራ እውነተኛ ስሙን ይደብቃል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «አስማት» የሚለው የግእዝ ቃል ራሱ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ትርጉሙ «ስሞች» ማለት ነው። በልፋፈ ጽድቅ የአምላክ ኅቡዕ ስሞች ለነፍስ መዳኛ ተደርገው ይቆጠራሉ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን የሚሰጣት የክርስትና ስም ክፉ በሚያስብ ደብተራ እጅ እንዳይገባ የሚጠነቀቁ እናቶች በእኛ አገር ነበሩ። በክታብ ላይም የባለቤቱ ወይም የባለቤቲቱ የክርስትና ስም ይጻፋል። ከእነዚህ ክታቦች ብዙዎቹ ሕፃናት ትገድላለች ከምትባለው ወርዘልያ ለመጠበቅ ለሴቶች የተጻፉ ናቸው። ክታቡ ባለቤት ሲለውጥ የፊተኛዋ ስም ተፍቆ የኋለኛዋ ይጻፍበታል። ብራናውን ወደ ብርሃን ያቀረበ ሰው አንዳንዴ የፊተኛውን ስም ጥላ ሊያይ ይችላል።

ይህን ሁሉ የምለው ለግዊን ከእኛ ወሰዱ ለማለት አይደለም። መመሳሰል የመወራረስ ማስረጃ አይሆንም። ምንጫቸው በቅርብ ነበር። አባታቸው አልፍሬድ ክሮበር የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ባህል ያጠኑ ሊቅ ሲሆኑ፣ እናታቸው ቴዎዶራ ክሮበር ከያሂ ሕዝብ የመጨረሻ ስለሆነው ሰው በ1961 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፈዋል። ያ ሰው እውነተኛ ስሙን ለማንም ሳይነግር ሞተ። «ኢሺ» እየተባለ የተጠራበት ቃል በወገኖቹ ቋንቋ «ሰው» ማለት ብቻ ነው።

ጦብያና ኢሪያን

የመድበሉ የመጨረሻ ታሪክ አስቀድሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። ኢሪያን የምትባል ልጅ በአንድ አስማተኛ ምክር የወንድ መልክ ይዛ ወደ ሮክ ትሄዳለች። በር ጠባቂው ሴት መሆኗን እያወቀ ያስገባታል፤ መምህራኑ በእርሷ ምክንያት ለሁለት ይከፈላሉ። በመጨረሻ ግን ማንነቷ ከወንድነትም ከሴትነትም ያለፈ ሆኖ ይገኛል፤ ዘንዶ ሆና ወደ ምዕራብ ትበራለች።

የአማርኛ ልቦለድ ተማሪ ወዲያው ጦብያን ያስታውሳል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦብያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ሁለቱ ታሪኮች በ90 ዓመት ይራራቃሉ። ልዩነታቸው ከአጨራረሳቸው ላይ ነው። የጦብያ የወንድ ልብስ ሲወልቅ ከሥሩ የንጉሥ ሚስት የምትሆን ቆንጆ ትገኛለች፤ የዓለሙ ሥርዓት ወደ ቦታው ይመለሳል። የኢሪያን ልብስ ሲወልቅ ግን ሥርዓቱ ራሱ ይናጋል።

ሌላም ንጽጽር አለ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመው ከ10 ዓመት በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አቀረቡልን። እርሳቸው ከተረት ተነሥተው ወደ ረጅም ልቦለድ ሄዱ፤ ለግዊን ከረጅም ልቦለድ ተነሥተው ወደ አጭር ተረክ ተመለሱ። የእኛ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ አጻጻፍ የመጀመሪያውን ጉዞ «ዕድገት» ሲለው ኖሯል። ሁለተኛው ጉዞ ግን ውድቀት እንዳልሆነ ይህ መድበል ያሳያል። አጭሩ ተረክ ረጅሙ ልቦለድ ሲያልፍ ያላያቸውን ሰዎች ቆም ብሎ ለማየት ተስማሚ ነው።

ማጠቃለያ

ከመካነ ሰላም ብዙ የማይርቀው የጋስጫ ገዳም የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መታሰቢያ ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በሕይወታቸው መጨረሻ ገደማ እንደጻፉ ይታወቃል። ስለዚህ ደራሲ በዕድሜው ማምሻ ተቀምጦ የቀረውን ሒሳብ ማወራረዱ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ዘርፉና ዓላማው ይለያይ እንጂ ድካሙ አንድ ነው።

ሒሳብ ማወራረድ ለደራሲ ብቻ የተተወ እንዳልሆነ ለመግለጽ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ በዚሁ ደጋ ተረት በሰበሰብኩ ጊዜ የተራኪዎችን ስም ዝርዝር በአባሪ አስቀምጫለሁ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ክረምቱን የያዝኩትን መጽሐፍ ከጨረስኩ በኋላ የመስክ ማስታወሻ ደብተሬን ከሣጥን አውጥቼ አየሁት። ከተራኪዎቹ ብዙዎቹ ሲጀምሩ «ይህን እናቴ ናት የነገረችኝ»፣ «ይህ የአያቴ ነው» ብለው ነበር። በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ወደ ጥናቱ ስገለብጠው ግን እንደ ትርፍ ንግግር ቆጥሬ አስቀርቼዋለሁ። የጠየቅሁት የሸንጎ ሰዎችን ስለነበር ያገኘሁትም የሸንጎ ሰዎችን ስም ነው። ተረቱ የኖረው ግን በምድጃ ዳር ነበር። የገዛ አያቴ ሳይቀሩ እዚያው ቤት ተቀምጠው ቡና እያፈሉ ሲያስተናግዱን አንድም ቀን መቅረጸ ድምፁን ወደ እርሳቸው አላዞርኩም። ዛሬ በሕይወት የሉም።

በእኛ ዘንድ ዕውቀት በሴት እጅ አልነበረም የሚል ቢኖር፣ በጎጃም ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን መጥቀስ ይበቃል። ችግሩ የሴቶቹ አለመኖር አይደለም፤ የመዝጋቢው ብዕር ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ለመስክ ሥራ ሲወጡ «ማን ነገረህ?» ብለው ካቆሙበት አንድ እርምጃ ይለፉና «ለአንተስ ማን ነገረህ?» ብለው እንዲጠይቁ፣ መልሱንም በስሙ እንዲመዘግቡ አሳስባለሁ። እኔም የጥናቴን አባሪ አብሬ ይዤ የድሮ ተራኪዎቼን ልጆች መጠየቅ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ያገኘኋቸው ስሞች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዶቹ የክርስትና ስም ብቻ፣ አንዳንዶቹ «የእገሌ እናት» ብቻ ናቸው። እንዳገኘኋቸው እየጻፍኳቸው ነው።