ከአሞሌ እስከ አንገት ቀዶ ሕክምና

የጎጃም ደጋ እንቅርት ታሪክ ከገበያ ይጀምራል። ከአፋር የጨው ሜዳ ተጠርቦ የሚወጣው አሞሌ በግመል ትግራይ ይደርስና በአህያና በበቅሎ ወደ ደቡብ ይዘልቅ ነበር። ከጎንደር በኩል የሚመጣ ነጋዴ በሞጣ አቅራቢያ ሰባራ ድልድይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባ ነበር። አሞሌ ማጣፈጫም ገንዘብም ነበር፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በጨው ሲገበያዩ አይቶ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ የጎጃም የባሶ ገበያም በአሞሌ ይመነዝር ነበር።

ያ ሁሉ ድካም ግን እጥረቱ እንቅርት የሚያስከትለውን አዮዲን አላመጣም። ከመሬት የሚጠረብ ጨው አዮዲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እንደ ቢቸናና ሞጣ ባለ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ላይ ደግሞ ዝናቡ አፈሩን ሲያጥብ ያለችውንም ይዞ ይወርዳል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ችግሩ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ይናገራል። የልጃገረድ አንገት ዙሪያውን ሲነቀስም ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት ይከላከላል ተብሎ ይታመን ነበር።

በኋላ ዘመን አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ከኤርትራ ይመጣ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እንቅርት ነበረባቸው። ጨው አምራቹን አዮዲን እንዲቀላቅል የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዘግይቷል፤ ያበጠ አንገት በጨው ብቻ አይመለስም።

ትንፋሽ የሚያፍን እንቅርት በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አደጋውም እዚያው ነው። አብጦ እንቅርት ከሚሆነው ከታይሮይድ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ፣ ብዙውን ጊዜ አራት የሆኑ ዕጢዎች ተለጥፈዋል፤ በሰው ላይ መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1880 የገለጸው ስዊድናዊው ኢቫር ሳንድስትረም ነው። የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። አብረው ከወጡ ወይም ደም ካጡ ካልሲየም ይወርዳል፤ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጣት ይኮማተራል፣ የልብ ምት ይዛባል። የግፊት መለኪያ ክንድ ላይ ታስሮ ለጥቂት ደቂቃ ሲነፋ መዳፍ ወደ ውስጥ ተኮማትሮ የሚታጠፍበት ምልክት ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ዕጢዎቹ ካላገገሙ ዕድሜ ልክ የሚወሰደው የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ክኒንም የራሱ ዕዳ አለው፤ ኩላሊት ካልሲየሙን መያዝ ስለሚያቅተው ወደ ሽንት ይፈሳል፣ ጠጠር ይሠራል።

ዕጢዎቹ ከልክ በላይ ሲሠሩ ነገሩ ይገለበጣል። ካልሲየም ከአጥንት ይወጣል፣ ኩላሊት ጠጠር ያበጃል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። ቀዶ ሐኪሙ ፊሊክስ ማንድል እ.ኤ.አ. በ1925 ቪየና ውስጥ ከአንድ የትራም ሠራተኛ አንገት ዕጢ ያወጣው ለዚህ ነበር። ኩላሊታቸው በደከመ ሕሙማንም ዕጢዎቹ አብጠው የደም ሥርን ያጠጥራሉ፤ መድኃኒት ካልገታቸው ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

ለሞጣ ወይም ለቢቸና ሰው ዋናው ጥያቄ ጊዜ ነው። የካልሲየም መውረድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ታካሚው ቶሎ ከተሸኘ ያኔ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወጥቶ አገሩ ገብቷል።