በቫይጋይ ወንዝ የሚመለሰው ወንድም

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ፣ በቫይጋይ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ማዱራይ የጥንት የፓንድያ ነገሥታት መናገሻ ናት። በከተማይቱ እምብርት የእንስቲቱ አምላክ የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ይገኛል። 14 የግንብ በሮች አሉት፤ ከሁሉ የሚረዝመው የደቡቡ በር ከ50 ሜትር በላይ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መባቻ (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዴልሂ ሱልጣን ጦር ስለ ተመዘበረ፣ ዛሬ የሚታየውን አብዛኛውን ሕንጻ ያሠሩት የ16ኛውና የ17ኛው መቶ ዓመት የናያክ ገዥዎች ናቸው። ስለ ሕንጻው ብዙ ተጽፏል፤ እኛን የሚስበን በዓሉ ነው።

በአፈ ታሪኩ ሚናክሺ፣ የፓንድያ ንጉሥ ልጅ ሲማጠን ከመሥዋዕቱ እሳት የወጣች ናት። ሦስት ጡት ነበራት፤ ሦስተኛው የወደፊት ባሏን ስታይ እንደሚጠፋ ተነግሮ ነበር። ጦር ተምራ ነገሠች፤ አገሩን ሁሉ አስገብራ በካይላስ ተራራ ከሺቫ ፊት ስትቆም የተነገረው ደረሰ። በሚያዝያና በግንቦት መካከል በሚውለው በቺትራይ ወር ይህ ሁሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዘውድ ትጭናለች፣ ትዘምታለች፣ ትዳራለች፣ በታላላቅ ሠረገሎች ከተማይቱን ትዞራለች። በሠርጉ ዕለት ባለትዳር ሴቶች የጋብቻቸውን የአንገት ክር ይለውጣሉ።

ከከተማይቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ፣ አላገር በሚል ስም የሚመለከው የቪሽኑ ቤተ መቅደስ አለ። አላገርም በቺትራይ ወር በሰው ትከሻ ወደ ቫይጋይ ይወርዳል። የሚናክሺ ሠርግ ቀድሞ በየካቲት ገደማ ይከበር እንደ ነበር፣ ከ1623 እስከ 1659 የገዛው ቲሩማላይ ናያክ ግን ወደ ቺትራይ አዛውሮ ሁለቱን በዓላት እንዳገጣጠመ ይነገራል። ወቅቱ አዝመራ ተሰብስቦ ገበሬው የሚያርፍበት፣ ለግዙፎቹ ሠረገሎችም ጎታች የሚገኝበት ነው። የሺቫንና የቪሽኑን ተከታዮች በአንድ አደባባይ ማዋልም ለአንድ ገዥ ትንሽ ትርፍ አይደለም።

ሕዝቡ ግን ለተገጣጠሙት በዓላት የራሱን ታሪክ ሰጣቸው። አላገር የሚናክሺ ወንድም ነው፤ እኅቱን ሊድር ስጦታ ይዞ ሲመጣ ሠርጉ ያለ እርሱ ተፈጽሞ ይቆየዋል። ተቆጥቶ ወንዙን ረግጦ፣ ወደ መቅደሷ ሳይዘልቅ ይመለሳል። ካህናቱ ይህን አይቀበሉም፤ የሚወርደው በርግማን እንቁራሪት የሆነን ባሕታዊ ነጻ ሊያወጣ ነው ይላሉ። በቤተ መቅደሱ የድንጋይ ቅርጽ ላይም ቪሽኑ የእኅቱን እጅ ለሺቫ ሲሰጥ ይታያል። ድንጋዩ ደርሷል ይላል፤ በወንዙ አሸዋ ላይ የቆመው ሕዝብ አልደረሰም ይላል።

አላገር ከኮረብታው ሲወርድ የሚለብሰው የካላሮችን ልብስ ነው። ከካላሮች አንዱ ክፍል፣ እንግሊዞች በ1911 ባወጡት የ«ወንጀለኛ ነገዶች» ሕግ ሥር ወድቆ፣ ሰው በትውልዱ ብቻ እንደ ሌባ ይመዘገብ ነበር። አምላኩ ግን በእነርሱ ልብስ ይጓዛል፤ ወንዙ ሲደርስም በወርቅ ፈረስ ላይ ሆኖ ይገባል። ያን ጊዜ የሚለብሰው ሐር አረንጓዴ ከሆነ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል።

በሠርጉ ያልተገኘውን ወንድም ታሪክ ከሚያከብሩት መካከል ራሳቸው ከመቅደሱ በር የሚከለከሉ ነበሩ፤ ዳሊቶችና ናዳሮች። ጁላይ 8 ቀን 1939 ቫይዲያናታ አይየር የተባለ የብራህማን ወገን ጠበቃ ጥቂት ዳሊቶችንና አንድ ናዳር አስከትሎ ገባ። አብሮት ከገቡት አንዱ ካካን ኋላ የማድራስ ሚኒስትር ሆኗል። ከካህናቱ ብዙዎቹ መቅደሱ ረከሰ ብለው አገልግሎታቸውን ለዓመታት አቋረጡ፤ የማድራስ መንግሥት ግን መግባትን የሚፈቅድ ሕግ በዚያው ዓመት አወጣ።

አላገር ዛሬም ወደ እኅቱ መቅደስ አይገባም። ሌሊቱን በቫንዲዩር፣ ሕዝቡ እንደሚለው ከአንዲት ሙስሊም ወዳጁ ዘንድ አድሮ፣ በዓሉ ሲያበቃ ወደ ኮረብታው ይመለሳል።